«ጭጋጉ ነው» ይለን ነበር አባባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንዴት ሰነበታችሁ። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፣ ማሳጠር ካለባችሁ አሳጥሩት፣ ግን መጨረሻ ላይ አንባቢዎቻችሁን የምለምነው ነገር አለ እና እሱን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

የእናቴ አባት ዕድሜውን ሙሉ የሠራው የቤት ዕቃ ፖሊሽ ማድረግ ነው፣ እዚሁ ደሴ። አናጢ አልነበረም፣ ሰው ሁሌ ይሄን ያደባልቀዋል። አናጢው ቡፌውን ይሠራል ቁምሳጥኑን ይገጣጥማል፣ ያኔ ግን ዕቃው ገና ደረቅ እንጨት ነው፣ ከዛ በኋላ ተቀብሎ ፊት እስኪያሳይ ድረስ የሚያበራው ሌላ ሰው ነው፣ አባባ ያ ሌላው ሰው ነበር። ደሴ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ያለበት ቤት ገብታችሁ ይሄን ማን ሠራው ብትሉ የአናጢውን ስም ከነአባቱ ይነግሯችኋል፣ ማን አበራው ብትሉ ግን ዝም ነው። እኔ ራሴ የልጅ ልጁ ሆኜ ከማን እንደተማረ፣ የት የት እንደሠራ፣ መቼ እንዳቆመ አላውቅም ነበር። የማውቀው ጣቶቹን ነው። ጫፋቸው ሁልጊዜ የማር መልክ ነበረው፣ ሠርግ ቤት ስንሄድ የማያውቁት ሰዎች እንሶስላ የሞቀ ይመስላቸው ነበር።

ፍለጋውን የጀመርኩት አምና ነው። እናቴ አንድ የዋንዛ ኮመዲኖ አላት፣ ሁለት መሳቢያ ያለው፣ አልጋዋ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ ላዩ ላይ ትኩስ ብርጭቆ ያመጣው ነጭ ክብ ክብ ነገር አለበት እና እኔ ደስ ላሰኛት ብዬ ሳላይሽ የሚባለው ሰፈር አንድ እንጨት ቤት ወስጄ በስፕሬይ አዲስ ላስመስልላት ነበር። የሚሠራው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ለመፋቅ መሳቢያዎቹን አውጥቶ ሲገለብጣቸው «እትዬ ይሄ ምንድነው የተጻፈው?» አለኝ። በእርሳስ ነው፣ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። «ነሐሴ 59 - ኮ - 11 እጅ» ይላል። የአባባን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ልጁ እንዳይነካው አልኩትና በባጃጅ ጭኜው ተመለስኩ፣ መንገዱን በሙሉ መሳቢያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር።

ነሐሴ 59 ገብቶኛል፣ 1959 ነው። 11 እጅ ማለትም ይገባል፣ ግድግዳ ስናስቀባ ሁለት እጅ ሦስት እጅ እንደምንለው አስራ አንድ ጊዜ ተቀብቷል ማለት ነው። «ኮ» ናት ያስቸገረችኝ። ለእናቴ ሳሳያት ፊቷ ተቀየረ፣ መሳቢያውን መለሰችልኝና «እሷ ትሆናለች» አለች።

እሷ ማለት ማን እንደሆነች ለመንገር የቤታችንን ጉዳይ ማውጣት ይኖርብኛል፣ እናቴን አስፈቅጃታለሁ። አባባ ክረምት ሲገባ ወደ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር። በየዓመቱ። ሐምሌን ነሐሴን እዛ ነው፣ አንዳንዴ መስከረምም ይጨመራል፣ ብር ይልካል፣ በቆሎ ይልካል፣ ራሱ ግን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አያቴ ለምን ስትለው መልሱ አንድ ነበር፣ «ጭጋጉ ነው»። ሌላ ማብራሪያ የለም። አያቴ ይሄን አንድም ቀን አላመነችውም። ኮምቦልቻ ሌላ ሚስት አለችው ብላ ደመደመች፣ ጎረቤትም አገዛት፣ ልጆቹም ይሄን እየሰሙ አደጉ። እኛ የልጅ ልጆች ጋ ሲደርስ ደግሞ የቤት አባባል ሆኖ ነበር፣ አንዱ አርፍዶ መጥቶ ምክንያት ሲደረድር «አዎ፣ ጭጋጉ ነው» እንለው ነበር። አባባ በ1994 ሞተ፣ አያቴ በ1999፣ ያ ነገር በመሀላቸው እንደቆመ።

እና ያቺ «ኮ» የሴት ስም መነሻ መሰለቻት እናቴን። እውነቱን ለመናገር እኔንም መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ወረቀት ፍለጋ ነው የሄድኩት። እንደኔ የአባቱን ወይ የአያቱን የሥራ ዘመን የሚፈልግ ሰው ካለ ይሄን ልንገረው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ካልነበረ ከጡረታ መዝገብ ብዙ አትጠብቁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው፣ ቁጥሩ 715/2003፣ ከዛ በፊት በሰው እንጨት ቤት ተቀጥሮ አርባ ዓመት የሠራ ባለሙያ ከጡረታ አንጻር ሠራተኛ መሆኑ የሚታወቅበት ፋይል የለውም። አባባ ደግሞ ንግድ ፈቃድም አልነበረው፣ ሱቁ የአናጢው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ስሙ ካለ ይገኛል» ተባልኩ፣ የሚፈልግልኝ ሰው ግን አላገኘሁም፣ ተውኩት።

የረዳኝ የእድር መዝገብ ነው። አባባ የነበረበት እድር የድሮ ደብተሮቹን አልጣለም፣ ጸሐፊው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት (እግዜር ይስጣቸው፣ በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ሲወጡ እንኳን ደብተሮቹን ይዘው ነው የወጡት)። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ አባባ «ቀለም ቀቢ» ተብሏል። ቅር አለኝ፣ ግን እሺ። ከዛ ጸሐፊው በጣታቸው እየተከተሉ ወርሃዊ ክፍያውን ሲያነቡልኝ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሰኔ ላይ የአራት ወር በአንድ ጊዜ ይከፍላል። የሚቀጥለው ዓመትም ሰኔ ላይ የአራት ወር። ሌላውም። ክረምቱን እንደማይኖር ሰኔ ላይ ያውቀዋል ማለት ነው፣ አስቦ ከፍሎ ነው የሚወርደው፣ ተደብቆ የሚሄድ ሰው እድሩን አስቀድሞ ይከፍላል እንዴ ብዬ አሰብኩ። ጸሐፊው ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩልኝ፣ አባባ የሞተ ጊዜ ከኮምቦልቻ አብሮት የሠራ ሰው መጥቶ መቃብሩ ላይ እንደ ልጅ ማልቀሱን። ሰው በሰው አፈላልጌ ያንን ሰው አገኘሁት።

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም የማይርቅ ቤት ነው። አሁን ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም። ቡና ተፈላ፣ አቦሉን እስክንጨርስ ምንም አልጠየቅኳቸውም። ከዛ ፈራ ተባ እያልኩ «አባዬ፣ አባባ ክረምት ክረምት ለምንድነው እዚህ የሚመጣው? ሲጠየቅ ጭጋጉ ነው ይል ነበር» አልኳቸው።

«እና ምን ይበል? ጭጋጉ ነበራ!» አሉኝ።

ያብራሩልኝን በራሳቸው አነጋገር ለመጻፍ ልሞክር። የያኔው ፖሊሽ ጎማላካ ነው። ጎማላካ ስስ ቅርፊት የሚመስል ነገር ነው፣ ቡናማ፣ ብርሃን ላይ ስትይዙት ማር ይመስላል፣ ህንድ አገር ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ነው። በስፒሪቶ ታሟሟዋለህ፣ ጠርሙስ ውስጥ አሳድረህ ጠዋት በጨርቅ ታጠልለዋለህ። ጠርሙስ ነው ደግሞ፣ ቆርቆሮ አይሆንም፣ ብረት ከነካው ይጠቁራል። «ስትቀቢው ስፒሪቶው ይተናል ልጄ» አሉኝ፣ «ሲተን እንጨቱን ያቀዘቅዘዋል፣ መርፌ ሊወጉሽ ሲሉ በስፒሪቶ ሲጠርጉሽ አይበርድሽም? እንደዛ ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ያ እርጥበት ቀዝቃዛው ላይ ያርፋል፣ ፖሊሹ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ያነጣል። ወተት የደፉበት ይመስላል። የደሴ ጭጋግ ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ደሴ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ጦሳ ተራራ ጠዋት አይታይም፣ ጭጋጉ በር ከተከፈተለት ቤት ይገባል፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በመሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሐረጎን ስትወርዱ ሹራባችሁን እንደምታወልቁ የሄደ ያውቃል። ኮምቦልቻም ክረምት ይዘንባል፣ ግን ይዘንብና ያባራል፣ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ አየሩ ደረቅ ይላል፣ እነሱ የሚፈልጉት እነዛን ሰዓቶች ነው።

አሁንም አልዋጥልህ አለኝና «ታዲያ ደሴ ላይ ክፍሉን በከሰል አታሞቁትም ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ደነገጡ። «ስፒሪቶ ባለበት ቤት እሳት? እኛ እኮ ሲጃራ የያዘ ደንበኛ ከበር ነው የምንመልሰው!»

እኔ ያኔ ለቡናው የተለኮሰውን ከሰል እያየሁ ነበር፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ያላመነው ነገር በሁለት ደቂቃ ተብራርቶ አለቀ። ለምን እንዲ አድርጎ ለአያቴ እንዳልነገራት እግዜር ይወቀው፣ ምናልባት ለሱ ግልጽ ስለሆነ ሌላውም የሚያውቀው መስሎት ይሆናል፣ ባለሙያ እንዲ ነው፣ ስለ ሥራው ብዙ አያወራም።

ደረቁ ዕቃ ከደሴ በኤንትሬ ይወርድ ነበር አሉኝ፣ ያ የአሰብን መስመር የሚመላለሰው የጭነት መኪና፣ ሹፌሮቹን ያውቋቸዋል፣ ቦታ ካለ ቡፌውን በጆንያ ጠቅልለው ይጭኑላቸዋል፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ለሠርግ ወቅት እንዲደርስ አብርተው ይመልሱታል። ደሴ ውስጥ ጥር ላይ የተዳረች ሙሽራ ቡፌዋ ኮምቦልቻ መክረሙን ላታውቅ ትችላለች።

ሥራውን ራሱን ደግሞ ጠየቅኳቸው፣ እና እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ይሄን የሚናገር ሰው እየጠፋ ነው። መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ልሙ፣ ሁሌ በእንጨቱ አቅጣጫ፣ አግድም አንድ ጊዜ ከፋቅክ ጭረቱ የሚታይህ ከአስረኛው እጅ በኋላ ነው ያኔ ደግሞ ልትመልሰው አትችልም። ዋንዛ ቀዳዳው ሰፋፊ ነው፣ ስለዚህ በጀሶ ይደፈናል፣ ጀሶውን ከእንጨቱ መልክ ጋር እንዲሄድ ቀለም ቀላቅለው። ከዛ ጥጥ ይድቦለቦላል፣ በታጠበ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጎማላካውን ጥጡ ይጠጣል፣ ሲጨመቅ በጨርቁ ያልባል። ጨርቁ እንዳይይዝ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት። ከዛ ክብ፣ ክብ፣ ከዛ 8 ቁጥር፣ ከዛ ቀጥታ። እጅህ እንጨቱ ላይ አይቆምም። ከቆመ ጨርቁ ይጣበቅና ከስር ያለውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ የሳምንት ሥራ ነው የሚሄደው። አባባ ሲቀባ ሰው ቢጠራው አይዞርም ነበር አሉኝ፣ እና እኔ ልጅ ሆኜ ሱቅ ሄጄ «አባባ» ስለው ያልዞረልኝን አስታወስኩ፣ ያኔ አኩርፌ ነበር።

አንድ እጅ ከተቀባ በኋላ ማረፍ አለበት፣ ከዛ በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ ተደርጎ ሌላ እጅ። አንድ ቡፌ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የመጨረሻው ቀን ዘይቱን ማውጣት ነው፣ ጨርቁ ላይ ስፒሪቶ አለ የማይባል ያህል ነክሮ በፍጥነት መጥረግ፣ ትንሽ ከበዛ አስራ አንዱንም እጅ ያሟሟዋል። ይሄን ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር አሉ። እሳቸው አብረውት አስር ክረምት ሠርተው የመጨረሻውን ቀን የለቀቀላቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ጨርቆቹንም ጠየቅኳቸው። አባባ ቤት ሲመጣ የሠራበትን ጨርቅ አጥሩ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቶ ያሰጣ ነበር፣ አያቴ ግቢዬን አቆሸሸው ብላ ትቆጣለች፣ እሱ ግን አንድም ቀን ሰብስቦ አያስቀምጥም። ምክንያቱ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ ከተተወ በራሱ ይሞቃል፣ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ይነሳበታል። ሽማግሌው ይሄን ያወቁት ከአባባ ነው። አጥሩ ላይ ያን ሁሉ ጨርቅ የሚዘረጋው ቤታችን እንዳይቃጠል ነበር። በቃ።

ያስተማረውን ሰውም ነገሩኝ፣ ጣሊያን ደሴ በነበረ ጊዜ (ከ1928 እስከ 1933 ማለት ነው) እንጨት ቤት ተላላኪ የነበረ ደሴዬ ነው፣ ከኩታበር የመጣውን አባባን በልጅነቱ ጠርሙስ አጣቢ አድርጎ ጀመረው። የሙያው ቋንቋ አሁንም ጣሊያንኛ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፣ ጎማላካ፣ ስፒሪቶ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ጀሶ፣ ኮመዲኖ ራሱ። ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይችል አባባ በቀን ሃምሳ ጊዜ እነዚህን ቃላት ይጠራ ነበር።

ከኮምቦልቻ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የተመለስኩት፣ የሰው ቤት እየሄድኩ መሳቢያ መገልበጥ ጀመርኩ። ሸዋ በር፣ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዷ እናት ቡፌያቸውን ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው ዋጋ ጠሩብኝ፣ ስነግራቸው ግን ራሳቸው ተንበርክከው በሞባይል መብራት ፈለጉልኝ። እስካሁን 14 ዕቃ አግኝቻለሁ፣ 11 ደሴ 3 ኮምቦልቻ። ሁሉም ላይ ወር፣ ዓመት፣ አንዲት ፊደል እና የእጅ ብዛት አለ። ፊደሉ ወይ «ደ» ነው ወይ «ኮ»። «ኮ» ያለባቸው 6 ናቸው። ወራቸው ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። «ደ» ካለባቸው ውስጥ የክረምት ወር ያለበት አንድም የለም። «ኮ» ኮምቦልቻ ናት። ሌላ ማንም አይደለችም።

እና ከዛ በላይ ደግሞ የእጅ ብዛቱ የራሱን ታሪክ ይናገራል። በ1950ዎቹና እስከ 65 ድረስ 11፣ 12፣ 9፣ 12 ነው። 1971 ላይ 6 ይላል። 1974 ላይ 5። 1979 ላይ 4። ሽማግሌውን ስልክ ደውዬ ጠየቅኳቸው፣ ያኔ አናጢዎቹም እነሱም በኅብረት ሥራ ማህበር ተደራጅተው ነበር፣ ጎማላካ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ይጠፋል፣ ሲገኝ ተከፋፍሎ ነው፣ አባባ ያለችውን አቅጥኖ ያዳርሳታል። 4 እጅ ብሎ ሲጽፍ እጁ አልጠነከረም፣ በጣም ስስ ነው የተጻፈው። ያፈረበት ይመስለኛል። ግን ጻፈው፣ 4ቱን 11 አላለውም፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ።

የመጨረሻው ያገኘሁት 1987 ነው። ከዛ ኮምፕሬሰርና ስፕሬይ መጣ፣ ሲለር በቲነር አቅጥኖ ረጭቶ በሁለት ቀን ማስረከብ፣ ሰው ሦስት ሳምንት ለምን ይጠብቃል። አልፈርድም፣ አዲሱ ውሃም ሙቀትም ከጎማላካ በተሻለ ይችላል፣ ጎማላካ ላይ ትኩስ ጀበና ካስቀመጥክ ይነጣል፣ አረቄ ከፈሰሰበት ይሟሟል፣ ለዛ ነው እናቶቻችን ሁሉንም ነገር ዳንቴል የሚያለብሱት። አባባም ሞክሮታል፣ የቲነሩ ሽታ ደረቱን አልቻለውም፣ ያኔ ማስክ የሚባል ነገር ማን ያውቃል። እዚህ ላይ ለዛሬዎቹ ልጆች የምለው አለኝ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሻርፕ አፋችሁ ላይ ጠቅልላችሁ አትርጩ፣ ሻርፕ አቧራ እንጂ የቲነር ትነት አይከለክልም፣ በር ክፈቱ፣ ለኬሚካል የሚሆነውን ማስክ አሠሪያችሁን ጠይቁ።

የነገርኩት ለእናቴ ነው መጨረሻ ላይ፣ ደብተሬን ከፍቼ፣ ስድስቱን ወራት በተራ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በጣም ቆይታ «አንድ ዓመት ነይና እይ ብሏት ነበር» አለች። አያቴን ማለቷ ነው። እናቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነች፣ አባባ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጓዙን ሲጠቅል ለአያቴ ነይ አብረን እንውረድ፣ የምሠራበትን ነይና እይ አላት። አያቴ «የሷን ፊት ለማየት ነው የምሄደው?» ብላ በሩን ዘጋች። እናቴ ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ከዛ ኮመዲኖው ላይ ያለውን ዳንቴል አንስታ ነጩን ክብ በመዳፏ አሸችው።

አሁን ልመናዬ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ባቲ፣ ወይም ከዚህ ሄዳችሁ ሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ ከ1948 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ደሴ የተሠራ ቡፌ፣ ኮመዲኖ፣ ቁምሳጥን፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ ያላችሁ፣ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ገልብጡት። ከስር ካልሆነ ከኋላ ነው፣ ቁምሳጥን ከሆነ የታችኛው ጣውላ ጀርባ ላይ ነው የሚጽፈው። በ2014 ብዙ ዕቃ እንደጠፋ አውቃለሁ፣ ካገኘኋቸው ቤቶች በሁለቱ «እሱማ ያኔ ሄደ» ብለውኛል፣ ግን የማን ቡፌ እንደነበር፣ መቼ እንደተገዛ የምታስታውሱም ጻፉልኝ። ፎቶ ብትልኩ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ላኩ፣ እነሱ ያደርሱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እና ልታሳድሱት አስባችሁ ከሆነ እባካችሁ ከማስፋቃችሁ በፊት እዩት። ጎማላካ የተበላሸበት ቦታ ብቻ ተነክቶ ይታደሳል፣ አዲሱ አሮጌውን ያሟሟውና አንድ ይሆናሉ፣ ሁሉንም መፋቅ አያስፈልግም። የኮምቦልቻው ሽማግሌ ለሚፈልግ ወጣት አሳያለሁ ብለዋል፣ ዓይናቸው ቢደክምም ሥራው በእጅ ነው ይላሉ።

የሚቸግረኝ ከ1960 እስከ 1964 ያለው ነው። የነዛን ዓመታት ክረምት አንድም አላገኘሁም። «ኮ» ካያችሁ ወሩን ብቻ ብትነግሩኝም ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር
የልጅ ልጁ፣ ከደሴ